ጂፕሰም ቦርዱ አብጧል፤ ቀለም ቀቢውን ልጥራ?

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ጊንጆ አካባቢ ነው። ቤታችን አባቴ የሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሳሎኑንና የእናቴን መኝታ ክፍል ውስጡን በጂፕሰም ቦርድ አስለበስነው። ኮርኒሱም ጂፕሰም ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ‹ቪላ አስመሰላችሁት› ብሎን ነበር። ዘንድሮ ክረምቱ ከገባ ወዲህ የእናቴ ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳም ከታች እስከ ጉልበት ድረስ አበጠ። ቀለሙ ይላላጣል፣ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለው፣ ክፍሉ ይሸታል። ቀለም ቀቢ ጠርቼ ‹ስቱኮ አድርጌ በሁለት ቀን አዲስ አስመስልልሻለሁ› አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ‹ሁሉንም አፍርሰሽ በአዲስ ቦርድ ቀይሪው› ይላል። በጥቅምት መጨረሻ የእህቴ ኒካህ አለ፤ እንግዶቹ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። እናቴ አስም አለባቸው። ማንን ልስማ? ከ16 ዓመት ልጄ ጋር ሆነን ራሳችን ልንሠራው እንችላለን ወይ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እናታችንን ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል አውጫቸው። አልጋቸው ሳሎን ይዘርጋ፣ ወይም አንቺ ጋ ይተኙ። ጥቋቁሩ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። ሻጋታ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይለቃል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ብናኝ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል። የክፍሉን በር ዝጊና መስኮቱን ክፈቺው። ልብሳቸውም ፍራሻቸውም ይውጣ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ይሰጣ።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ፣ ከሁለቱ ምክር አንዱም አልተዋጠልኝም። ቀለም ቀቢው ያየው የተላላጠውን ቀለም ነው። ወንድምሽ ያየው የተበላሸውን ቦርድ ነው። ውሃው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እሱ ሳይታወቅ የተቀባ ቀለም ለከርሞው ክረምት አይደርስም። አዲሱ ቦርድም እንደ አሮጌው ያብጣል፤ ያውም ድጋሚ ገንዘብ ወጥቶበት።

ከጻፍሽው እንደገባኝ ቤትሽ የገባው ውሃ በሁለት በኩል ነው። የኮርኒሱ ከጣሪያ የመጣ ነው። ግድግዳው ግን ከታች እስከ ጉልበት አብጦ ከዚያ በላይ ደህና ከሆነ፣ ውሃው ከላይ አልወረደም። ከታች፣ ከመሬት በኩል ነው የገባው። ስለዚህ ጥገናውም ለየቅል ነው።

ጂፕሰም ቦርድ ማለት በሁለት ወፍራም ወረቀት መሀል ያለ ጄሶ ነው። ጄሶው ውሃ ሲጠጣ ይላላል። ወረቀቱ ደግሞ ለሻጋታ ምግቡ ነው፤ ርጥበት ካገኘ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ሊጀምር ይችላል። ቦርዱ ወለሉን ነክቶ ከተገጠመ ሲወለወል የሚፈሰውን ውሃ ሳይቀር ከሥሩ ወደ ላይ ይስባል። ደህና ባለሙያ ከወለሉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይገጥመውና ክፍተቱን በዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ በሚዞረው ጠባብ መሸፈኛ) ይሸፍነዋል። የእናንተ ቤት እንዴት እንደተሠራ አንዱን ዞኮሎ ነቅለሽ እዪው።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከኮርኒሱ። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ እንግዲህ በዓመት 75,000 ሊትር ያህል ይወርድበታል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በአንድ የላላ ሚስማር ሥር የምትሾልከው ጠብታ ብቻ ኮርኒስ ታበላሻለች።

ቀዳዳው ልክ ከክቡ አናት ላይ ነው ብለሽ አታስቢ። ውሃ በሞራሌው (በጣሪያው እንጨት) ላይ ተንሸራቶ ርቆ ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ፍለጋው ከክቡ ተነስቶ ወደ ኮልሞው (የጣሪያው አናት መክደኛ) አቅጣጫ ነው። ቀን ላይ አንድ ሰው ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ባትሪ ሳያበራ ቢመለከት ቀዳዳው የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታየዋል። የሚረግጠው እንጨቱን ነው፣ ቦርዱን ከረገጠ ይወድቃል። በዚህ ካልተገኘ፣ ዝናብ በሌለበት ጠዋት ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ ይፍሰስበት። ከታችኛው ጫፍ ተጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታ ባየ ጊዜ ይጣራ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ ያረጥብና ጥፋተኛው አይለይም።

ጣሪያ ላይ የሚወጣው ግን ልጅሽ አይሁን። አንቺም አትውጪ። እርጥብ ቆርቆሮ ሰው ይጥላል። የለመደ ሰው ቅጠሪ፣ ሥራውም ከሰዓት የሚመጣው ዝናብ ሳይደርስ ጠዋት ይለቅ። የሚወጣው ሰው ሚስማር የተመታበትን መስመር ይዞ ይራመድ፤ ሥሩ ሞራሌ አለና። ጎማው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ያለቀ ሚስማር ካለ ይንቀለውና ወፈርና ረዘም ያለ ባለ ጎማ ሚስማር ይምታበት። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ውሃ በሚወርድበት በጎድጓዳው ላይ የተመታ ካለ ችግሩ እሱ ሊሆን ይችላል። ኮልሞው ተነስቶ እንደሆነም ይፈትሽ። ካትራሜ (ጥቁሩ ሬንጅ) ለትንሽ ቀዳዳ ይህን ክረምት ያሻግርሻል፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ስለሚሰነጣጠቅ እሱን ተማምነሽ አትቀመጪ። የዛገ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ገንዘብሽን በመድፈን አትጨርሺ፣ ይቀየር።

ጠብታው ቆሞ ኮርኒሱ ከደረቀ በኋላ ክቡን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ጠንካራ ከሆነ፣ ካልረገበ፣ ወረቀቱ ካልተላቀቀና ከጀርባው ሻጋታ ከሌለ ቦርዱ ተርፏል። መቀየር አያስፈልገውም። ነገር ግን በቀጥታ ፕላስቲክ ቀለም አትቀቢው፤ ቡናማው እድፍ አዲሱን ቀለም ዘልቆ ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ ነጭ ዘይት ቀለም በስሱ ይቀባ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በላዩ ፕላስቲክ ቀለም ይሂድ። ጣትሽ ከሰመጠ ወይም ቦርዱ ከረገበ ያ ክፍል ይቆረጣል። የረገበ ቦርድ በቪቴ ስቦ ወደ ቦታው መመለስ አይሆንም።

ምናልባት አሁን ውሃ አቁሮ ሆዱ ወጥቶ ከሆነ ሥሩ ማንም አይቁም። 1.20 በ2.40 ሜትር የሆነ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቦርድ ደረቁን እንኳ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ፣ ባልዲ አስቀምጡ፣ ከጎን ቆማችሁ በረጅም ሹል እንጨት ብሱትና ውሃው ይውረድ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ግድግዳው እንሂድ።

የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። ክረምት ርጥበት ይስባል፣ በጋ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ይለቃል። አባትሽ የሠሩት ቤት ስንት ክረምት ያሳለፈው እንዲህ ነው። ከውስጥ ቦርድ ሲለብስ ግን ርጥበቱ ወደ ክፍሉ የሚወጣበት መንገድ ተዘጋ። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል ታፈነ። በቦርዱና በጭቃው መሀል ያለው ክፍተት ጨለማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ነፋስ አይገባውም። በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የገባ ጀንፈል ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አልነግርም። የእናትሽ ግድግዳ ላይ የሆነውም ያው ነው።

ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ። ጂፕሰም ቦርድ ለክፍል መለያና ለኮርኒስ ጥሩ ነገር ነው። የጭቃ ቤትን የውጭ ግድግዳ ከውስጥ ማልበስን ግን፣ ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጅማ ባለ ከተማ፣ እኔ አልመክርም። ብዙ ቤት እንዲህ እየተሠራ መሆኑን አውቃለሁ፣ እንደሚያምርም አውቃለሁ። ድሮ ግድግዳው ሲረጥብ በዓይን ይታይ ነበር፣ ወዲያው ይመረጋል። አሁን እስኪሸት ድረስ ማንም አያውቅም። ከሽታው ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ ቤቱን የተሸከመው እንጨት ነው። እርጥብ ሆኖ የሚከርም እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል።

ቦርዱን ከመንካትሽ በፊት ከቤት ውጪ ውጪና ግድግዳውን በመንገዱ በኩል እዪው። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘሽ ብትቆሚ ይበልጥ ይገባሻል። አሸንዳ አለ? ካለ በቅጠል ተደፍኖ ሞልቶ ይፈሳል? ከሌለ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ እስከ ጉልበት የመርጠቡ ምክንያት ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል። አፈሩስ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል? መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወይም አፈር ሲደፋበት ከፍ ብሎ፣ ቤቱ ዝቅ ብሎ የቀረበት ሰው ብዙ ነው። እንዲያ ከሆነ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ተጠርጎ ከወለሉ በታች ይውረድ፣ ውሃው ከቤቱ ርቆ የሚሄድበት ቦይም ይቆፈር። ቦዩ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይሄድ ግን አደራ፤ ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። የቧንቧ መስመር በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነም ማታ ቆጣሪውን አንብቢ፣ ሌሊት ማንም ውሃ ሳይጠቀም ጠዋት ድጋሚ አንብቢ። ቁጥሩ ከተለወጠ ቧንቧው ያፈሳል።

አሸንዳ መግጠምና ቦይ መቆፈር ለዓይን የሚያጓጓ ሥራ አይደለም። ለኒካህ የመጣ እንግዳም አያይልሽም። ነገር ግን ገንዘብሽ ውስን ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውጪው። ቀለሙ ቢዘገይ ምንም አይደል።

ከዚያ ቦርዱን ትከፍቱታላችሁ። ይህ ከልጅሽ ጋር የሚሠራ ሥራ ነው። የክፍሉ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ፤ ከቦርዱ ጀርባ ሽቦ ሊኖር ይችላል። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ፣ እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ። ዞኮሎውን ንቀሉ። ካበጠው መስመር ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አልፋችሁ በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ርጥበቱ በዓይን ከሚታየው ከፍ ይላልና። በከተር ደጋግማችሁ ቁረጡት። በኤሌክትሪክ መጋዝ አትሞክሩት፣ አቧራውም ሽቦውም አደጋ አለው። ሻጋታ ያለበትን ከመንቀላችሁ በፊት በትንሹ ውሃ ርጩበት፣ እንዳይቦንን። የወጣውን ቁራጭ ወዲያው በፌስታል አስራችሁ ከቤት አውጡት።

በበረኪና አጥቤ ባስቀረውስ እንዳትይኝ። በረኪና የላዩን ጥቁር ያነጣዋል እንጂ በወረቀቱና በጄሶው ውስጥ የገባውን አይደርስበትም። የሻገተ ቦርድ ይወጣል፣ በቃ። እንጨቱን ግን በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ ይቻላል። በረኪና ከተጠቀማችሁ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትደባልቁት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ከከፈታችሁ በኋላ የግድግዳውን እንጨት በካቻቢቴ ጫፍ ውጉት። ጠንካራ ከሆነ እሰየው። ከሰመጠ፣ ወይም የምስጥ የአፈር መንገድ ካያችሁ፣ እዚያው ቁሙና ልምድ ያለው አናጢ ይይላችሁ። የተሸካሚ እንጨት ጉዳይ የእናትና የልጅ ሥራ አይደለም።

ከዚያ ይድረቅ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ሲወጣ መስኮቱና በሩ ይከፈት፣ ሲዘንብ ይዘጋ። ፋን ካላችሁ ወደ ግድግዳው ይዙር። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ግን ከሰል አቀጣጥላችሁ በሩን እንዳትዘጉ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰውን በተኛበት ይገድላል። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው በየክረምቱ ሰው ስለሚሞትበት ነው።

መድረቁን በመንካት ብቻ አትወስኚ። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈሽ ለሁለት ቀን ተይው። ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል፣ የውሃ ላብ ካቆረ ገና ነው። ከፊት ለፊቱ ብቻ ከሆነ ርጥበቱ ከክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት የበለጠ ይከፈት።

ሲደርቅ በዚያ ግድግዳ ላይ ቦርድ አትመልሺ። ከአቅምሽ ካላለፈ እንዲያውም የላይኛውንም አውርጂው። ጭቃው በጭድ በደንብ ተቦክቶ ይመረግ፣ ይድረቅ፣ በኖራ ይቀባ። ኖራ ግድግዳው እንዲተነፍስ ያደርጋል፣ ነጭ ሆኖም ያምራል። ከውጭም የሲሚንቶው ልስን የተሰነጠቀና ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ በበጋው ታስወግጂዋለሽ፤ አሁን በክረምት አትንኪው። እንግዳ ቢመጣ በኖራ የተቀባ ደረቅ ግድግዳ ከሚሸት ቪላ ይሻላል። ከላይ የወረደው ደረቅ ቦርድ ደግሞ አይጣል። ጀርባው ንጹሕ ከሆነ የኮርኒሱን ቁራጭ የምትቀይሩት በእሱ ነው፤ ውፍረቱ እኩል መሆኑን ብቻ ለኩ።

ኮርኒሱ መቆረጥ ካለበት አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ከአንዱ ሞራሌ ወገብ እስከ ሌላው ሞራሌ ወገብ ቁረጡት፣ አዲሱ ቁራጭ የሚያዝበት እንጨት እንዲያገኝ። ቪቴው በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይግባ። ራሱ ከወረቀቱ ትንሽ ዝቅ ይበል እንጂ ወረቀቱን አይቅደድ፤ ከቀደደ አይዝም። መጋጠሚያው ላይ የጂፕሰም ቴፕ ይለጠፍ፣ በላዩ ማጣበቂያው በስሱ ሦስት ጊዜ ይቀባ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ሰፋ እያለ። በጅማ አየር በየመሀሉ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት፤ ካስፈለገም ሁለት። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ቴፑን ዘሎ ስቱኮ ብቻ የሚሞላ ሠራተኛ ካጋጠመሽ አስቁሚው፣ በወራት ውስጥ መስመሩ ይሰነጠቃል።

ሳሎኑን ከመኝታ ክፍሉ የሚለየው የውስጥ ግድግዳ ግን ደረቅ ከሆነ ምንም አትንኪው። የወንድምሽ «ሁሉንም አፍርሽ» እዚህ ጋ አይሠራም፤ ደህና ቦርድ የሚነቀልበት ምክንያት የለም። መታጠቢያ ክፍል አጠገብ የሚገጠም ካለሽ ከመርካቶ ስትገዢ አረንጓዴውን ቦርድ ጠይቂ። እሱ ርጥበትን ይቋቋማል፤ ውሃ ውስጥ ቢቆም ግን እሱም ይበላሻል።

ጊዜው ይበቃሻል። በዚህ በነሐሴ ጣሪያው ይደፈን፣ አሸንዳውና ቦዩ ይስተካከል፣ ቦርዱ ይከፈት። ግድግዳው መስከረምን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይክረም። ዝናቡ ቀነስ ሲል፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ምርጊቱና ኖራው ይሠራል። ጭቃው እስከ ኒካሁ በደንብ ካልደረቀ እንግዶቹን ሳሎን አሳድሪ እንጂ ላዩን በቀለም አታሽጊው። ቀለም ቀቢውንም አታስቀይሚው፤ በጥቅምት ለኮርኒሱና ለሳሎኑ ትፈልጊዋለሽ። «በሁለት ቀን» የሚለውን ግን አትቀበዪው። የመጀመሪያው ቀለም በውሃ ቀጠን ብሎ ይቀባ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ይደገም። ቀለሙን ከመክፈቱ በፊትም ላስቲኩን አብራችሁ ገልጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ላብ ካለው ቀለሙን ሳይከፍት ይመለስ፣ በሳምንቱ ትጠሪዋለሽ።